ከፊልም ወደ ዲጂታል፦ የካሜራ ምርጫ ጥያቄ በወለጋ ከተሞች

ከፊልም የወጣ ፎቶ አንሺ የትኛውን ዲጂታል ካሜራ ይግዛ? ጥያቄው ከተነሳ ሃያ ዓመት አልፎታል። በብዙ ቦታ መልሱ የሜጋፒክስል ቁጥርና የብራንድ ስም ሆኖ ያልቃል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ግን ዝናቡም፣ የመብራቱ መቆራረጥም፣ የጥገና ባለሙያው ርቀትም፣ በፎቶ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የቀረው የድሮ ዕቃም የጥያቄው አካል ነው።

«ዛሬ ደግሞ ማን ከፊልም ይሸጋገራል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ካሜራቸውን የቀየሩት ከቀየሩ ቆይተዋል። ሽግግሩ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቆመው። ካሜራው ተቀየረ፤ ሌንሱ፣ ፍላሹና ኔጋቲቩ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣው መስታወት አልባ ካሜራም ሆነ ስልክ ያንኑ የድሮ ጥያቄ መልሶ አንስቶታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ እንዴት መጣ፣ እንዴትስ ሄደ

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ ከገባባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ የ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ ነው፤ የእንግሊዙ የናፒየር ጦር መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው ዘምተዋል። ቆይቶ በቤተ መንግሥት ዙሪያ እንደ ቦያጂያን ቤተሰብ ያሉ አርመናውያን ሙያውን ያዙት። በወለጋ ግን ታሪኩ ከሚሲዮኖች ጋር ይያያዛል። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1904 ነቀምቴ ከገባ ወዲህ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሥራ እዚያ ሥር ሰደደ። አሜሪካኖቹ በ1919 ሳዮ ደምቢ ዶሎ ደረሱ፤ የጀርመኑ ሄርማንስቡርግ ሚሲዮን በ1920ዎቹ መጨረሻ አይራ ላይ ተተከለ። በዚህም የተነሳ ከወለጋ ቀደምት ፎቶዎች ብዙዎቹ የሚገኙት በነዚሁ ሚሲዮኖች መዛግብት፣ ከአገር ውጭ ነው።

ፎቶ ቤቶች ሲስፋፉ ዋናው እንጀራ ጉርድ ፎቶ ሆነ። ጥቁርና ነጭ ፊልም 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በሆነ መድኃኒት፣ በትንሽ ጨለማ ክፍል ይታጠባል። ሙቀቱ በአንድ ሁለት ዲግሪ ቢዛነፍ ባለሙያው ጊዜውን አስረዝሞ ወይም አሳጥሮ ያካክሰዋል። ባለቀለም ኔጋቲቭ እንዲህ አይለመጥም። መድኃኒቱ 37.8 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት፤ የሚፈቀደው መዛነፍም ከሩብ ዲግሪ ያነሰ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን በእጅ መጠበቅ አይሞከርም። ስለዚህ ቀለም ሲመጣ ማንሳቱ ከተማው ውስጥ ቀርቶ እጥበቱ ማሽን ወዳለበት ሄደ። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

«ዲጂታል ፎቶ ቤትን ገደለ» የሚለው የተለመደ አባባል የሚዘነጋው ይህን ነው። የክልል ከተማ ፎቶ ቤት ዲጂታል ከመምጣቱ በፊት፣ ገና በባለቀለም ፊልም ዘመን፣ የሙያውን ግማሽ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ኮምፒውተርና ፕሪንተር ያንን ግማሽ ወደ ነቀምቴና ጊምቢ መለሱት። በሌላ በኩል የሚቆሙት ደግሞ ፊልም ቆጥቦ ማንሳትን ያስተምር እንደነበርና 36 ፍሬ ብቻ የያዘ ሰው ከመጫኑ በፊት አስቦ እንደሚጫን ይናገራሉ። ይህም ትክክል ነው፤ ግን የሰው ልማድ እንጂ የመሣሪያ ጠባይ ስላልሆነ በየትኛውም ካሜራ ሊጠበቅ ይችላል።

የዲጂታሉ ታሪክ አጭር ነው። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ 0.01 ሜጋፒክስል የሆነች አንዲት ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በ1999 ኒኮን ዲ1 ለጋዜጣ ባለሙያዎች ደረሰ፤ ዋጋው ከ6,000 ዶላር በታች ነበር። በ2003 ካኖን 300ዲ ከ1,000 ዶላር በታች ሲወጣ ለተራው ፎቶ አንሺ በሩ ተከፈተ። በ2012 መጀመሪያ ኮዳክ ራሱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

በእጅ ያለው ሌንስ

ከፊልም ለሚወጣ ሰው በጣም የሚደጋገመው ምክር «ሌንስህን አትጣል፣ ሌንስህን የሚቀበል ካሜራ ግዛ» የሚል ነው። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ጉዳቱ ሌንስን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየቱ ነው።

የኒኮን ኤፍ ማሰሪያ ከ1959 ጀምሮ በቅርጹ አልተለወጠም። በዚህ የተነሳ «የድሮ የኒኮን ሌንስ በየትኛውም ኒኮን ይሠራል» ይባላል። መግባቱ በአብዛኛው ይገባል፤ መሥራቱ ግን ይለያያል። ከ2006ቱ ዲ40 ጀምሮ ርካሾቹ ኒኮኖች፣ ማለትም የዲ3000 እና የዲ5000 ተከታታዮች፣ ፎከስ የሚያዞር ሞተር በአካላቸው ውስጥ የላቸውም። በፊልም ዘመን በራሱ ፎከስ ያደርግ የነበረው ሌንስ እነሱ ላይ በእጅ የሚዞር ይሆናል። ከዚያ የሚቀድመው የእጅ ሌንስ ደግሞ ብርሃን መለኪያቸውን ጭራሽ አያሠራም። ከዲ7000 እስከ ዲ7200 ያሉት ሁለቱንም ይችላሉ። ስለዚህ የኒኮን ሌንስ ያለው ሰው ዲ3500 ከሚገዛ ያገለገለ ዲ7100 ቢገዛ ይሻለዋል።

ካኖን በ1987 ማሰሪያውን ቀይሯል። ከዚያ በፊት የነበረው የኤፍዲ ሌንስ መስታወት ያለው የካኖን ዲጂታል ካሜራ (ዲኤስኤልአር) ላይ ያለ ተጨማሪ ማረሚያ ሌንስ ሩቁን አጥርቶ አያሳይም። ከ1987 ወዲህ የተሠራው የኢኤፍ ሌንስ ግን በሁሉም የካኖን ዲኤስኤልአር ላይ ፎከሱም መለኪያውም ይሠራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛው ጉዳይ የብሎን ማሰሪያ ያላቸው የሶቪየት ዜኒት ሌንሶች ነው። በሌንሱ መቀመጫና በፊልሙ መካከል ያለው ርቀት በዜኒት 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። በካኖን 44 ነው፤ ስለዚህ ቀጭን የብረት ቀለበት ብቻ ሌንሱን እስከ ሩቅ አጥርቶ ያሠራዋል። በኒኮን 46.5 ስለሆነ ቀለበቱ ቦታ የለውም፤ ሌንሱ የቅርቡን እንጂ የሩቁን አያጠራም። የያሺካ ኤፍኤክስ ካሜራ ሌንሶችም በካኖን በኩል ይቀናቸዋል። መስታወት አልባ ካሜራዎች ርቀታቸው በአብዛኛው ከ16 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ በቀለበት አማካይነት ማንኛውንም የድሮ ሌንስ ይቀበላሉ።

ሌላም መለዋወጥ አለ። አብዛኞቹ ዋጋቸው የሚቀመስ ዲጂታል ካሜራዎች ሴንሰራቸው ከ35 ሚሊ ሜትሩ ፊልም ያንሳል። በእነሱ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኒኮን 75፣ በካኖን 80 ሚሊ ሜትር ያህል ያጠጋል። ለጉርድ ፎቶ ይህ በረከት ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ሰርግ ለሚያነሳ ግን ግድግዳው ከጀርባው ይመጣበታል።

ስለ ፍላሹም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ የፊልም ዘመን ፍላሾች ማስነሻቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይልካሉ። በፊልም ካሜራው ውስጥ የነበረው ተራ የብረት ንክኪ ይህን ይችለዋል። ኒኮን እስከ 250 ቮልት እንደሚችል ሲገልጽ፣ ካኖን ለአንዳንድ ቀደምት ዲጂታል ካሜራዎቹ የፈቀደው 6 ቮልት ነበር። የድሮ ፍላሽ በመልቲሜትር ሳይለካ ዲጂታል ካሜራ ላይ አይሰካ።

ነጭ ነጠላና ጥቁር ፊት

ሽግግሩ ብዙ ሰውን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፣ ሲያንስበት ይከሳል። ዲጂታል ተገላቢጦሽ ነው፤ ከልክ ያለፈ ብርሃን ያጠፋውን ማንም አይመልሰውም። በፊልም የሠለጠነ እጅ «ለፊቱ ትንሽ ጨምርለት» የሚል ልማድ አለው። በጥር እኩለ ቀን፣ ባለ ጥልፍ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነጠላ የደረበች ሙሽራ ትቁም። ፊቷን አይቶ ብርሃን የመጠነ ሰው በፊልም ፊቱንም ልብሱንም ያገኛል። በዲጂታል ፊቱ ያምራል፤ የነጠላው ድርና ማግ ግን ይጠፋና ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ ጥበቡም ከነጩ ጋር ወደሚገናኝበት ጠርዝ ይበላል። መፍትሔው ብርሃኑን ለልብሱ መጥኖ ፊቱን በፍላሽ ወይም በነጭ አንጸባራቂ ማንሳት ነው። በሮው ፎርማት ማንሳትም ከጄፔግ የተሻለ መጠባበቂያ ይሰጣል።

ይህ ደግሞ ከሌንሱ ምክር ጋር ይጋጫል። ከ2010 እስከ 2015 ገደማ በወጡት ካሜራዎች፣ ያገለገለ ዕቃ ገበያውን የሞሉትም እነሱ ናቸው፣ የኒኮን ሴንሰሮች ጨለማውን ክፍል ወደ ብርሃን ሲያነሱት ከእኩያ ካኖኖቻቸው ያነሰ ነጠብጣብ ያሳያሉ። ለነጭ ልብስና ለጥቁር ፊት ኒኮን ይቀናል፤ ለዜኒትና ለያሺካ ሌንስ ካኖን። ሁለቱን የሚያስታርቅ ርካሽ መልስ የለም። ሰርግ ዋና ገቢው የሆነ ሰው ሴንሰሩን፣ ስቱዲዮ ውስጥ ብርሃኑን ራሱ የሚያዘጋጅ ሰው ሌንሱን ቢያስቀድም ትክክል ነው እላለሁ።

«የፊልም ቀለም ለሰው ፊት ይሻላል» የሚለው የናፍቆት ንግግርም መመርመር አለበት። የኮዳክ ላብራቶሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ቀለም ያስተካክሉ የነበረው «ሸርሊ» በሚባል፣ ነጭ ሴት ባለችበት የናሙና ካርድ ነው። የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ሚዛን ታጥቦ ሲመጣ ዝርዝሩ ይጠቁር ነበር፤ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያካተቱ ካርዶች የመጡት ዘግይተው ነው። ዲጂታል ሚዛኑን በፎቶ አንሺው እጅ አስገብቶለታል። ይህን ሥልጣን ፊት ለማቅላት ማዋል ግን ያንኑ የድሮ በደል በገዛ እጅ መድገም ነው።

ዝናብ፣ ቀይ አቧራ፣ መብራት

በነቀምቴ ዙሪያ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል፤ ክረምቱም ረጅም ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60–65 በመቶ በላይ ሲቆይ በሌንስ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል። መጀመሪያ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ይታያል፤ ከቆየ የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ቢጠረግም ጠባሳው አይለቅም። የሻገተ ሌንስ ወደ ሌላው ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም የሚለው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም፤ በአንዱ ላይ ሻጋታን ያበቀለ አየር በሁለቱም ላይ ያበቅላል የሚለው ክርክር ግን ሚዛን ይደፋል። ካሜራን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ በሚገጠም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ማኖር፣ ሲሊካውንም አልፎ አልፎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ቆዳ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ከምንም ይብሳል።

በበጋ ደግሞ የወለጋ ቀይ አፈር ይነሳል፤ የሰርጉም ወቅት ያኔ ነው። መስታወት አልባ ካሜራ ሌንሱ ሲፈታ በብዙዎቹ ሴንሰሩ ይገለጣል። ሌንስ በየመንገዱ ለሚቀያይር ሰው መስታወት ያለው ይሻላል።

ባትሪን በተመለከተ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በካሜራ አምራቾች ማኅበር መለኪያ ኒኮን ዲ3500 በአንድ ሙሌት 1,550 ፎቶ ያነሳል፤ መስታወት አልባው ካኖን ኤም50 ደግሞ 235 ገደማ። መብራት ቀኑን ሙሉ በሌለበት ከተማ ሁለት ቀን ሰርግ ለሚያነሳ ሰው ይህ ቁጥር ከሜጋፒክስል ይበልጣል።

አዲስ ወይስ ያገለገለ የሚለውን ክርክር ምንዛሬው ራሱ ፈርዶበታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ግን «ስንት ዓመቱ ነው?» ከማለት «ሹተሩ ስንት ጊዜ ተመቷል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የዝቅተኛ ደረጃ ኒኮኖች ሹተር ለ100,000፣ የዲ7000 ተከታታይ ለ150,000 ምት ተፈትኗል። በአንድ ሰርግ 1,500 ጊዜ የሚተኩስ ሰው 100,000ውን በ67 ሰርግ ይጨርሳል።

ስንት ሜጋፒክስል?

ይህ ጥያቄ የሚገባውን ያህል አጭር ነው። በ300 ዲፒአይ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ህትመት 2.1 ሜጋፒክስል ይፈልጋል፤ 20 በ30 ደግሞ 8.4፣ 30 በ45 ወደ 19። 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶ ከአንድ ሜጋፒክስል ሩብ በታች ይበቃዋል። ስለዚህ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የያዘ ፎቶ ቤት ስለዚህ ቁጥር ማሰቡን ይተው።

ካሜራ ወይስ ስልክ?

የካሜራ አምራቾች በ2010 ከ121 ሚሊዮን በላይ ካሜራ ለገበያ አቅርበው ነበር፤ በ2023 ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ገበያውን የወሰደው ስልክ ነው። ዲኤስኤልአርም ቢሆን እየቀረ ነው፤ ኒኮን ዲ3500ንና ዲ5600ን ማምረት አቁሟል። «የሚሞት ነገር ለምን ይገዛል?» የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ሁሉም ወደ መስታወት አልባ ሲሄድ የተተወው ዕቃ በርካሽ ይገኛል፣ መለዋወጫውም ለዓመታት አይጠፋም ይላሉ። ለወለጋ ከተሞች ሁለተኛው ወገን ያሳምናል። ቪዲዮ ዋና ሥራው ለሆነ ሰው ግን ፎከሱ ሰውን ተከትሎ የሚሄደው መስታወት አልባው ካሜራ ለዋጋው ይገባዋል።

ስልክ በቀን ብርሃን 10 በ15 ለሚታተም ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ መላላኪያው ላይ ነው። ቴሌግራም በተለመደው አላላክ የፎቶውን ረጅም ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ያወርደዋል፤ ያ ወደ 1.2 ሜጋፒክስል ነው፤ ለ10 በ15 ጥርት ያለ ህትመት አይደርስም። ፎቶ ቤቶች ደንበኛን «ፋይል አድርገህ ላክልኝ» ማለትን ቢለምዱ ብዙ ቅሬታ ይቀራል።

የጉርድ ፎቶ ገበያውም እየጠበበ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ፎቶውን በምዝገባው ጊዜ እዚያው ያነሳል። ፎቶ ቤቱ ካሜራ ሲመርጥ እንግዲህ ጉርድ ፎቶን ብቻ አስቦ መምረጥ አይችልም።

ኔጋቲቩስ?

የካሜራ ምርጫ ጽሑፎች ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚዘሉት ይህን ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። በፊልም ዘመን የሠራ ፎቶ ቤት የአንድን ከተማ ሕዝብ ፊት በኔጋቲቭ ይዟል፤ ተመራቂውን፣ ሙሽራውን፣ ሟቹን። ሌንስን የሚበላው ሻጋታ የፊልሙንም ጄላቲን ይበላል።

የተጠበቀ ኔጋቲቭና አልበም ምን ያህል እንደሚያተርፍ ምሳሌ አለ። ከ1963 እስከ 1982 በቤተ መንግሥትና በመንግሥት ፎቶ አንሺነት የሠሩት ሽመልስ ደስታ ያኖሩት ሥራ በ2007 ለንደን ውስጥ ለዕይታ በቅቷል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍም በ2018 የወጣው ከአዲስ አበቤዎች የቤተሰብ አልበም በተሰበሰበ ፎቶ ነው። በወለጋ ባለፉት ዓመታት ግጭት ብዙ ቤተሰቦች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። በሩጫ ለወጣ ቤተሰብ ከአልበሙ ሊተርፍለት የሚችለው ሁለተኛ ቅጂ ፎቶ ቤቱ ያለው ኔጋቲቭ ነው።

ስለዚህ ለካሜራ መምረጫ አንድ መስፈርት እጨምራለሁ፦ ኔጋቲቭ መቅዳት ይችላል ወይ? የሚያስፈልገው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከሌንሱ ሥር የሚገባ ማራዘሚያ ቀለበት፣ የማይነቃነቅ ማቆሚያና ከኔጋቲቩ ጀርባ የሚበራ እኩል ነጭ ብርሃን ነው። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በዚህ መንገድ አንድ ጥቅልል ፊልም በደቂቃዎች ይቀዳል። የፊልም ሌንስ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ በእጅ ፎከስ ማድረግ ለዚህ ሥራ ጉድለት አይደለም።

የተቀዳው የት ይቀመጥ የሚለው ያከራክራል። ፊልም ወዳዶች «ሃርድ ዲስክ ይሞታል፣ ኔጋቲቭ ይኖራል» ይላሉ። በደረቅ ቦታ ለተቀመጠ ጥቁርና ነጭ ፊልም ልክ ናቸው፤ የባለቀለሙ ቀለም ግን በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ይደበዝዛል። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥም ብቻውን አያስተማምንም፤ በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር። ሦስት ቅጂ፣ ከነሱም አንዱ ሌላ ከተማ፣ የሚለው የባለሙያዎች ደንብ ለወለጋ የተጻፈ ይመስላል።

ሕጉም ሁለት ነገር ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) የፎቶ ሥራ የባለቤትነት መብት ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይጠበቃል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ደግሞ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም ማባዛትም ክልክል ነው፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር። ኔጋቲቩ የፎቶ ቤቱ ቢሆንም ፊቱ የባለቤቱ ነው። ለዐውደ ርዕይ በሚሰበሰብ ክምችት የስንቱ ሰው ፈቃድ፣ ከማንስ ይጠየቃል የሚለው መልስ ይጠብቃል።

ነቀምቴ የወለጋ ሙዚየምም የወለጋ ዩኒቨርሲቲም አላት። አንድ ያገለገለ ካሜራ፣ አንድ የመብራት ሳጥንና ሁለት ሃርድ ዲስክ ይዘው ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ያሉ ፎቶ ቤቶችን በር ቢያንኳኩ ወጪው ትንሽ ነው። ፎቶ ቤቶችም እነሱን ሳይጠብቁ ኔጋቲቩን በዚህ በጋ ያውጡት፣ ያድርቁት፣ ይቅዱት፤ በእያንዳንዱ ላይም ዓመቱን፣ ከተማውንና የሚያስታውሱትን ስም ይጻፉበት። ስሙን የሚያስታውሱት አንሺዎች በሕይወት ሳሉ መሠራት ያለበት ሥራ ነው።